ካርቦን ፋይበር፦ ጥንካሬው በክሩ አቅጣጫ

ካርቦን ፋይበር (የካርቦን ቃጫ) ከ90 በመቶ በላይ ካርቦን የሆነ ጥቁር ክር ነው። ውፍረቱ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ነው፤ ቢበዛ የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ማለት ነው። ቃጫው ለብቻው ይሸመናል እንጂ ቅርጽ አይዝም። ስለዚህ በኢፖክሲ ሙጫ ተነክሮ በሻጋታ ላይ ይነጠፋል፤ ከዚያ በሙቀትና በግፊት ይጠነክራል። ነገሩ እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ ነው፦ ጭቃው ቅርጽ ይሰጣል፣ ጭዱ እንዳይሰነጠቅ ይይዛል። በገበያ «ካርቦን ፋይበር» የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ይህ ውሁድ ነው፤ ሙሉ ስሙ «በካርቦን ቃጫ የተጠናከረ ፕላስቲክ» ነው።

አብዛኛው ቃጫ የሚሠራው ፖሊአክሪሎናይትራይል ከሚባል ሰው ሠራሽ ክር ነው። ክሩ ተወጥሮ መጀመሪያ አየር ባለበት ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ ቀጥሎ ኦክስጅን በሌለበት ምድጃ ከ1000 ዲግሪ በላይ ሙቀት ያልፋል። ኦክስጅን ስለሌለ አይነድም፤ ሌሎቹ ንጥረ ነገሮች በጋዝ መልክ ሲወጡ ካርቦኑ በክሩ ርዝመት ተደርድሮ ይቀራል።

ጥንካሬውም ድክመቱም ከዚህ አደራደር ይመነጫል። ቃጫው በርዝመቱ ሲሳብ ከተራ ብረት እጅግ ይበረታል፤ በአግድም ግን ጫናውን የሚሸከመው በአመዛኙ ሙጫው ነው። መሐንዲሶች ንጣፎቹን አንዱን ቀጥ፣ ሌላውን አግድም፣ ሌላውን ሰያፍ አድርገው የሚደራርቡት ለዚህ ነው። ክብደቱም ቀላል ነው፦ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ብረት 7.8 ግራም ሲመዝን ውሁዱ 1.6 ግራም ገደማ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 ማክላረን የፎርሙላ 1 መኪናውን አካል በዚህ ቁስ ሠራ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ደግሞ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሁድ ነው። የአውሮፕላኑ አካል በተደጋጋሚ የአየር ግፊት ቶሎ ስለማይዝል፣ በውስጡ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ግፊት መጠበቅ ተችሏል። ከቦሌ የተነሣ መንገደኛ በበረራ ላይ የሚተነፍሰው ከአዲስ አበባው የማይሳሳ አየር ነው ማለት ነው።

በሌላ በኩል ውሁዱ በድንገተኛ ምት ይጎዳል። ሮልስ ሮይስ ለአርቢ211 የአውሮፕላን ሞተር የሠራቸው የካርቦን ቃጫ ምላጮች በ1970 የወፍ ግጭት ፈተናውን ባለማለፋቸው በታይታኒየም ተተክተዋል። ብረት ሲመታ ይጎደጉዳል፤ ውሁዱ ግን ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ንጣፍ ከንጣፍ ሊላቀቅ ይችላል። የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያዎችም ለዓይን የማይታየውን ጉዳት በአልትራሳውንድ ይፈትሻሉ።