ኡኩሌሌን ክራር ማለት ይቻላልን? ስለ ትንንሽ ጊታር መሰል መሣሪያዎች አመጣጥና ስያሜ

የባዕድ አገር የሙዚቃ መሣሪያ ስም በትርጉም ሥራ ላይ ሲያጋጥም ተርጓሚው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ «ትንሽ ጊታር» ብሎ ያልፈዋል፤ ወይ ለአንባቢው ቅርብ ይሁን በማለት «ክራር» ይለዋል። እኛም ከዓመታት በፊት አንድ የጉዞ ታሪክ ወደ አማርኛ ስንመልስ ኡኩሌሌን «የሐዋይ ክራር» ብለነው ነበር። በዚያው ገጽ ላይ ተጫዋቹ በግራ እጁ ጣቶች የመሣሪያውን አንገት ሲጫን ይታያል። ጽሑፉ ከታተመ በኋላ አንድ ክራር ደርዳሪ፣ «ክራር አንገት ያወጣው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አልነበረንም።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ከክራር ገበቴ ሁለት ቋሚዎች ወጥተው በላይ በኩል በአግዳሚ እንጨት ይያያዛሉ፤ አውታሮቹም ከዚያ አግዳሚ ላይ ተጠምጥመው ይወጠራሉ። በጊታር ወገን ግን አውታሩ በአንገቱ ላይ ስለሚያልፍ ጣት በተጫነው ቁጥር ያጥራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። አራት አውታር ብቻ ያለው መሣሪያ ብዙ ድምፅ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሆርንቦስተልና ዛክስ እ.ኤ.አ. በ1914 ባወጡት የመሣሪያዎች አመዳደብ ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ የተቀመጡ ናቸው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) እንዲያውም በአሠራር ብቻ ከተመዘነ ከጊታር ጋር የሚቀራረበው በገና ወይም ክራር ሳይሆን፣ በደጋን የሚመታው ባለ አንገቱ መሰንቆ ነው።

ሆኖም የተርጓሚው ስሕተት ጥንታዊ አቻ አለው። «ጊታር» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከግሪክኛው «ኪታራ» ሲሆን፣ በዐረብኛ በኩል ወደ እስጳንያ ገብቶ «ጊታራ» ሆኗል። የግሪኮቹ ኪታራ ግን አንገት አልነበረውም፤ እንደ በገና ሁለት ክንድና አግዳሚ ያለው መሣሪያ ነበር። ስለዚህ ስሙ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ተሻግሯል ማለት ነው። የስሙን የትውልድ ሐረግ የዕቃው የትውልድ ሐረግ አድርጎ የሚወስድ መዝገበ ቃላት አንባቢውን ያሳስታል።

በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስጳንያ ጊታር ከዛሬው ያነሰና አራት ረድፍ አውታር ብቻ ያለው ነበር። አሎንሶ ሙዳራ በ1546 በሴቪያ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ መሣሪያ የተደረሱ ዜማዎች ይገኛሉ። በፖርቱጋልም ካቫኪኞ የሚባል ባለ አራት አውታር ትንሽ መሣሪያ አለ፤ «ካቫኮ» የእንጨት ፍላጭ ማለት ሲሆን ስሙ የዚያ ማሳነሻ ነው። ይህ መሣሪያ ከመርከበኞችና ከስደተኞች ጋር ወደ ኬፕ ቨርድና ወደ ብራዚል ተሻገረ። በማዴይራ ደሴት የቀረው ዘመዱ ማሼቴ ወይም ብራጊኛ ተባለ፤ ከእርሱ ጋርም ራዣው የሚባል ባለ አምስት አውታር መሣሪያ ይጫወቱ ነበር።

ነሐሴ 1879 ራቨንስክራግ የተባለች መርከብ ከማዴይራ የተነሡ ከ400 በላይ ሰዎችን ይዛ ሆኖሉሉ ደረሰች። የመጡት በሸንኮራ አገዳ እርሻ ሊሠሩ ነው። ከመካከላቸው ማኑኤል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስና ዦዜ ዶ ኤስፒሪቶ ሳንቶ የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች ነበሩ፤ የእርሻ ውላቸው ካበቃ በኋላ በከተማው መሣሪያ መሥራት ያዙ። ኮኣ በሚባለው የአገሩ እንጨት የሠሩት አዲስ መሣሪያ መጠኑን ከማሼቴ፣ ቅኝቱን ከራዣው የወሰደ ነው። ራዣው ሬ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ተብሎ ይቃኛል፤ መጀመሪያው ቢቀር የኡኩሌሌ ቅኝት ይቀራል። ሶል የሚለው አውታር በተራው እንደሚጠበቀው ወፍራም ሳይሆን፣ አጠገቡ ካሉት ከዶና ከሚ ቀጥኖ ይሰማል። ንጉሥ ካላካዋ መሣሪያውን ወደደው፤ በቤተ መንግሥቱም ከሁላ ጭፈራ ጋር እንዲመታ አደረገ። ወደ አሜሪካ አህጉር በሰፊው የገባው ግን በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ ከተደረገው ዓለም አቀፍ ትርኢት ወዲህ ነው።

ስሙን በሚመለከት የሐዋይ ሰዎች ራሳቸው አይስማሙም። «ሌሌ» መዝለል ወይም መብረር ነው። «ኡኩ» በጉሮሮ ቅጭት ከተጀመረ ቅማል ወይም ቁንጫ፣ ያለ ቅጭት ከተነገረ ደግሞ ክፍያ ወይም ስጦታ ይሆናል። ብዙዎች የተጫዋቹን ጣቶች ፍጥነት በማየት «ዘላይ ቁንጫ» ይሉታል፤ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ግን «ወደዚህ የመጣ ስጦታ» የሚለውን ፍቺ ሰጥታለች። ለእኛ የሚያስገርመው የፊደላችን ጠባይ ነው፤ በቃል መነሻ ያለውን አናባቢ ሁሉ በአ ወይም በዐ ቤት ስለምንጽፍ ቁንጫውም ስጦታውም በአማርኛ አንድ «ኡኩ» ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ልዩነቱ በፍቺው ውስጥ በቃል መነገር አለበት።

ስምን በቃሉ ፍቺ መተርጎምም መፍትሔ አይሆንም። «ኳትሮ» በእስጳንኛ አራት ማለት ነው፤ የቬኔዝዌላው ኳትሮ በእርግጥም አራት አውታር አለው። የፖርቶ ሪኮው ኳትሮ ግን ዛሬ በአምስት ጥንድ የተሰደሩ አሥር አውታሮች አሉት፤ ስሙ ከአራት አልተነቃነቀም። «ባለ አራት» ብሎ የሚተረጉም ሰው በአንደኛው አገር እውነተኛ፣ በሌላው ሐሰተኛ ይሆናል። የአንዲስ ተራራዎች ቻራንጎም አሥር አውታር አለው፤ ጀርባው ቀድሞ አርማዲሎ ከሚባለው አውሬ ቅርፊት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ግን በብዛት እንጨት ነው። እነዚህን ሁሉ «ትንሽ ጊታር» ብሎ ማለፍ ለተርጓሚ ይቀላል፤ ለአንባቢ ግን ምንም አይነግርም።

ስሙ እንዳለ እንዲወሰድ፣ ሲጻፍም የእንግሊዝኛውን አነጋገር ተከትሎ «ዩኩሌሊ» ሳይሆን በባለቤቶቹ አነጋገር «ኡኩሌሌ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። ከዚያ በኋላ የመሣሪያው ክፍሎች በሚታወቁት ቃሎቻችን፣ ማለትም በአውታር፣ በአንገት፣ በመቃኛና በቅኝት ሊገለጹ ይችላሉ። ፍቺው እንደሚከተለው ቢሆን ይበቃል፦

ኡኩሌሌ፦ (ስም፤ ከሐዋይኛ) አራት አውታርና አንገት ያለው፣ በጣት የሚመታ ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ፤ ከ1879 በኋላ በሐዋይ ከማዴይራ ደሴት መሣሪያዎች የተገኘ።