ወደ ላይ የሚከፈት በር
መርሴዲስ ቤንዝ 300 ኤስ ኤል ኩፔ
ጀርመን፣ ከ1954 እስከ 1957 እ.ኤ.አ.፤ 1,400 ተሠርተዋል

በሩ ክንፍ የመሰለው ለውበት ታስቦ አይደለም። ከቀጫጭን ቱቦዎች የተበየደው ሻንሲ ለጥንካሬው ሲባል ጎኑ ከፍ ብሎ ስለተሠራ፣ ለተለመደ በር ቦታ አልተረፈም፤ መሐንዲሶቹ ማጠፊያውን ጣሪያው ላይ አደረጉት። ነጂው መሪውን ወደ ታች አጥፎ፣ ሰፊው ደፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን አንድ በአንድ ያስገባል። ጠባብ ቀሚስ ለለበሰች ሴት ፈጽሞ አልታሰበም።

የጎን መስኮቶቹ አይወርዱም፤ ተነቅለው ከወንበሩ ኋላ ይቀመጣሉ። በበጋ የነዱት ሰዎች ከፍጥነቱ እኩል ላባቸውን የሚያወሩት ለዚህ ነው።

የሞተሩ ጠባይ ደግሞ ለብቻው ነው። ካርቡራተር የለውም፤ የቦሽ ፖምፓ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይረጫል፤ በዘመኑ ለመንገድ መኪና ብርቅ ነበር። ሞተሩን ለማጥፋት ቁልፉ ሲዞር ግን ፖምፓው ሞተሩ ጨርሶ እስኪቆም መርጨቱን አይተውም። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ረጅም መንገድ ሲነዳ ዘይቱ ግሎ ቤንዚኑ ይተናል፤ ሰፈር ለሰፈር የሚዞርበት ባለቤት ግን ዘይት ቶሎ ቶሎ መቀየር ነበረበት። ለገበያ መውጫ የሚሆን መኪና አይደለም።

ኩርባ ላይ ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ ላይ ያነሳ ሰው የኋላው ያመልጠዋል፤ ለሁለት የተከፈለው አክስል ጎማዎቹን ስለሚያዘነብል ነው። ልምድ ያላቸው ከኩርባው በፊት ፍሬን ይዘው፣ ነዳጅ እየሰጡ ይወጣሉ። አክስሉ የተሻሻለው በ1957 በወጣው ተከፋች ጣሪያ ባለው ሮድስተር ላይ ነው።