መዝገቡን ማን ከፈተው?

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፡፡ ጣሊያን በወረራው ዘመን በገደሉ ጥግ የቀደደው የሊማሊሞ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ሾፌር ፍሬኑን የሚፈትሽባት፣ ተሳፋሪ ሻይ የሚጠጣባት ከተማ ነች፡፡ ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ወደ ዛሪማ የሚወርድ መኪና ስጠብቅ አንድ የዳባት ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፡፡ የምሠራው ከኮምፒዩተር ጋር መሆኑን ከጨዋታችን ሲረዳ፣ "ጋሼ፣ ኮምፒዩተር ውስጥ የገባ ስም በምን ይፋቃል?" ሲል ጠየቀኝ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ልጁ በአንድ ትልቅ ከተማ የጥበቃ ሥራ ያገኝና ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲያመጣ ይነገረዋል፡፡ ማስረጃውን ሊጠይቅ በሄደበት ቢሮ ግን በስርቆት ከተከሰሰ ሰው ጋር ስምህ ገጥሟል ተብሎ ይመለሳል፡፡ የእሱና የአባቱ ስም ከዚያኛው ሰው ጋር አንድ ነው፣ የአያቱ ስም ግን ይለያል፡፡ የአያቱን ስም የጠየቀው ሰው አልነበረም፡፡ ከሁሉ በላይ የከነከነው ግን ይህ አይደለም፡፡ እሱ ገና ወደ አገሩ ሳይመለስ ወሬው ቀድሞት ዳባት ገብቶ ጠበቀው፡፡ ማን አየ? ማንስ ነገረ?

በልጁ ላይ የደረሱት ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው፡፡ አንደኛው መዝገብን ሳያጣሩ ማንበብ ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ በመዝገብ ያዩትን ውጪ ወስዶ ማውራት ነው፡፡ የመጀመሪያውን የሚያርመው ሥልጠና፣ ሁለተኛውን የሚይዘው ኦዲት ነው፡፡ በእኛ አገር ስለ ፖሊስ ኮምፒዩተር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ መሣሪያ ግዥ ይሆናል፡፡ መሣሪያው አንዴ ይገዛል፤ ተጠቃሚው ግን ይቀየራል፣ ይዛወራል፣ የተማረውንም ይረሳል፡፡

እስቲ ከስም እንጀምር፡፡ እኛ የቤተሰብ መጠሪያ ስም የለንም፤ የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ነው የምንደረድረው፡፡ በዚያ ላይ ፊደላችን አንድ ድምፅ ያላቸው በርካታ ሆሄያት አሉት፡፡ "ኃይለ ማርያም" የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በ"ኃ"፣ ሌላው በ"ሀ"፣ ሦስተኛው በ"ሐ" ይጽፈዋል፡፡ አንዱ ሁለቱን ቃላት ያያይዛል፣ ሌላው ይነጥላል፡፡ "ሥላሴ" እና "ስላሴ"፣ "ፀሐይ" እና "ጸሀይ" ለሰው ጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ናቸው፡፡ ስሙ በላቲን ፊደል ሲገለበጥማ ጉዱ ይብሳል፡፡ በመሆኑም ተፈልጎ ያልተገኘ ስም ሁሉ ንጹሕ፣ የተገኘውም ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም፡፡ ሶፍትዌሩ ተመሳሳይ ድምፆችን አንድ አድርጎ እንዲፈልግ ማድረግ ይቻላል፡፡ ሆኖም ያኔ የሚመጣው የስም ዝርዝር ስለሚረዝም ከመካከሉ የትኛው ትክክለኛው ሰው እንደሆነ ለመለየት የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል፡፡

የዘመን አቆጣጠሩም ሌላ ወጥመድ ነው፡፡ ጥር 5 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 13 ቀን 1993 ተወለደ ማለት ነው፡፡ መዝጋቢው የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀመ ካላመለከተ ሰውየው በአንዱ መዝገብ ላይ 8 ዓመት ይጨምራል፡፡ ለዚህ ሁሉ አስተማማኙ መለያ የጣት አሻራ ነው፤ ፌዴራል ፖሊስም ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ሲሰጥ የአመልካቹን አሻራ ይቀበላል፡፡ ለዳባቱ ልጅም መጀመሪያ ሊነገረው ይገባ የነበረው "አሻራ ስጥ" የሚል ቃል ነበር፡፡

በዚህ ረገድ አሜሪካኖች ብዙ ተሳስተው ብዙ ተምረዋል፡፡ ኤፍ ቢ አይ የሚያስተዳድረው ብሔራዊ የወንጀል መረጃ ማዕከል ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1967 ሲሆን በወቅቱ የያዘው 356,784 መዛግብትን ነበር፡፡ የሥርዓቱ መሠረታዊ ደንብ ቀላል ነው፤ ስም ተፈልጎ መገኘቱ ብቻውን ሰው ለመያዝ በቂ አይደለም፡፡ ሰውየውን ያገኘው ፖሊስ መዝገቡን ወዳስገባው መ/ቤት ደውሎ "ሰውየው ይህ ነው? ትእዛዙስ እስካሁን የጸና ነው?" ብሎ ማረጋገጥ አለበት፡፡ መዝገቡን ያስገባው መ/ቤት ለአስቸኳይ ጥያቄ በ10 ደቂቃ፣ ለመደበኛው በ1 ሰዓት ውስጥ መልስ ይሰጣል፡፡ ይህ ደንብ እንዲሁ የመጣ አይደለም፡፡ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ከእስር ቤት ያመለጠ ሰው በሌላ ሰው ስም ሲጠቀም ከርሞ፣ የስሙ እውነተኛ ባለቤት በነፍስ ግድያ እየተጠረጠረ ተደጋግሞ ተይዟል፡፡ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በመዝገቡ ላይ የተፈላጊውን አካላዊ መለያ ባለመጨመሩ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ1987 የከተማው አስተዳደር ተጠያቂ ሆኗል፡፡

አሁን ወደ ኦዲቱ ልለፍ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ይኼኛውን ነው፡፡ ኦዲት ሲባል ሒሳብ ማመሳከር ብቻ የሚመስለን እንኖራለን፡፡ በመዝገብ ሥርዓት ላይ የሚደረገው ኦዲት የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ማሽን፣ የማንን ስም፣ ለየትኛው ጉዳይ ፈለገ? ሥርዓቱ ይህን ሁሉ በራሱ ይመዘግባል፡፡ ኦዲተሩ ከዝርዝሩ ላይ ጥቂቱን በዕጣ መርጦ ተጠቃሚውን "ይህን ስም በዚህ ቀን የፈለግህበትን የምርመራ መዝገብ አሳየኝ" ይለዋል፡፡ መዝገብ ካለ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል፡፡ ከሌለ ጥያቄው ይቀጥላል፡፡ የአሜሪካው ማዕከል እያንዳንዱን ግዛት ቢያንስ በ3 ዓመት አንድ ጊዜ ኦዲት ያደርጋል፡፡

ልምድ ያለው ኦዲተር የሚያነፈንፋቸው ነገሮች አሉ፡፡ ተጠቃሚው የራሱን ስም ፈልጓል? የቀድሞ ባለቤቱን፣ የጎረቤቱን፣ የታዋቂ ዘፋኝን ስምስ? በእረፍት ቀኑ ገብቷል? አንድ ጊዜ ሥልጠና ልሰጥ በሄድኩበት መ/ቤት የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ በወሊድ ፈቃድ ላይ ሳሉ በስማቸው ሲገባ መክረሙን አየሁ፡፡ የፓስወርዳቸው ወረቀት ከኪቦርዱ ሥር ተለጥፎ ነበርና ሁሉም ይጠቀምበታል፡፡ ክፋት የለውም፤ ሥራ እንዳይቆም ነው፡፡ ነገር ግን ከዚያ ቢሮ ወሬ ቢወጣ ተጠያቂ የሚሆኑት አራስ ቤት የነበሩት እኚህ እናት ነበሩ፡፡ አንድ ሰው አንድ ፓስወርድ የሚለው ደንብ ከማንም በፊት የሚጠብቀው ሠራተኛውን ነው፡፡

ደባርቅ ሻይ ቤት ተቀምጬ ስለዚህ ሳስብ ዓይኔ ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽ/ቤት ለሚወጡ ጎብኚዎች ላይ አረፈ፡፡ ዋሊያ ለማየት ስም ተመዝግቦ፣ ተከፍሎ፣ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ተመድቦ ነው የሚገባው፡፡ የአንድን ሰው የወንጀል መዝገብ ለማየትስ ቢያንስ ስም መመዝገብ አይገባም ትላላችሁ?

ኦዲት ሲጠብቅ የሚወጣው ነገር ያስደነግጣል፡፡ አሶሺየትድ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምርመራ፣ ከ2013 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት የመረጃ ቋቶችን አላግባብ በመጠቀማቸው ከ325 በላይ የአሜሪካ ፖሊሶችና ሠራተኞች ተባረዋል፣ ታግደዋል ወይም ሥራ ለቀዋል፡፡ አብዛኛው ጉዳይ ስለላ አልነበረም፤ የፍቅር ጓደኛን፣ ጎረቤትን፣ ጋዜጠኛን መሰለል የመሰለ ተራ ነገር ነው፡፡ የጆርጂያው ሳጅን ቫን ቡረን ጉዳይ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል፡፡ ሳጅኑ 5,000 ዶላር ያህል ተቀብሎ የአንዲት ሴትን የመኪና ሰሌዳ በፖሊስ ኮምፒዩተር ፈለገ፤ ገንዘቡ ኤፍ ቢ አይ ያዘጋጀው ወጥመድ ነበር፡፡ በጁን 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ የኮምፒዩተር ወንጀል ሕጉን አልተላለፈም አለ፡፡ መዝገቡን እንዲከፍት የተፈቀደለት ሰው ለመጥፎ ዓላማ ቢከፍተውም "ከፈቃዱ አልፏል" አይባልም ማለት ነው፡፡

ይህ ውሳኔ ለእኛም የሚነግረን አለው፡፡ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጃችን /ቁጥር 958/2008/ በአንቀጽ 3 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ ውጪ ሆን ብሎ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ይቀጣል፡፡ ታዲያ "ፈቃዱ" እስከ የት ነው? በጽሑፍ ያልተሰጠና ያልተፈረመበት ፈቃድ ዳርቻ የለውም፤ ተከሳሽም "ማንም አልከለከለኝም" ቢል ለመርታት ያስቸግራል፡፡ ሥልጠና ከቁልፍ መጫን በላይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፡፡ ሠራተኛው "መዝገብ የምከፍተው በእጄ ላለ ጉዳይ ብቻ ነው" ብሎ ሲፈርም የፈቃዱ ወሰን ይሰመራል፡፡ አሜሪካኖቹ ይህን ሥልጠና ሠራተኛው ሥርዓቱን ከመንካቱ በፊትና ከዚያም በየዓመቱ እንዲሰጥ ደንግገዋል፡፡

ሠልጣኞቼ በብዛት የሚስቱት ተጠርጣሪን፣ ተከሳሽንና የተፈረደበትን መለየት ነው፡፡ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል፡፡ በስክሪኑ ላይ "ሪከርድ አለው" የሚል ቃል ብቻ ሲታይ ግን ይህ መብት ይተናል፡፡ በነፃ የተለቀቀው ሰው የክሱ ውጤት ወደ መዝገቡ ስላልተመለሰ ብቻ ዕድሜ ልኩን ተከሳሽ ሆኖ ይቀራል፡፡ የተፈረደበትም ቢሆን መውጫ አለው፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቅጣቱን ፈጽሞ የተወሰነ ጊዜ በመልካም ጠባይ ያሳለፈ ሰው ፍርዱ ከፖሊስ መዝገብ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤትን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፡፡ ኦዲተሩ ስረዛው በትክክል መፈጸሙንም ሊያይ ይገባል፡፡

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ /ቁጥር 1321/2016/ ማንኛውም ሰው ስለ እሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማስታረም መብት ሰጥቶታል፡፡ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፡፡ ወንጀል ለመከላከል ሲባል የሚደረጉ ገደቦች ስላሉ ለፖሊስ መዝገብ መብቱ ያልተገደበ ነው ማለት አይቻልም፡፡ ያም ሆኖ መዝገቡ የሌላ ሰው መሆኑን የሚያሳይ ዜጋ "አስተካክሉልኝ" ለማለት ከበፊቱ የተሻለ መሠረት አለው፡፡

ያን ቀን ለልጁ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም፤ አዋጁም ገና አልወጣም ነበር፡፡ አሻራ እንዲሰጥና ሦስቱንም ስም በመታወቂያው ላይ እንዳለው አስጽፎ በጽሑፍ እንዲያመለክት መከርኩት፡፡ ከወራት በኋላ ደውሎልኝ ነበር፡፡ አሻራው ንጹሕ ሆኖ ማስረጃው ወጥቶለታል፤ የጥበቃው ሥራ ግን በሌላ ሰው ተይዞ ቆየው፡፡ አሁን በአንድ አይሱዙ ላይ ረዳት ሆኖ ሊማሊሞን ይወጣል ይወርዳል፡፡ ማስረጃውን በላስቲክ ጠቅልሎ ከደረት ኪሱ አይለየውም፡፡ ዳባት ሲደርሱ አንዳንዴ እያወጣ እንደሚያሳያቸው ነገረኝ፡፡ ወሬውን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን አላወቀም፡፡