መጻጕዕ፦ የቤተ ሳይዳ ታሪክና የተአምር ትርጕም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የጥያቄና መልስ መርሐ ግብር ላይ አንዲት እኅት ያቀረበችው ጥያቄ ነው። እናቷ ለረጅም ጊዜ ታመው ወደ ጠበል ሲመላለሱ ቆይተዋል፤ ነገር ግን አልተፈወሱም። አብረዋቸው ይጠመቁ ከነበሩት መካከል ግን ድነው ወደ ቤታቸው የተመለሱ አሉ። «እናቴ እምነት ጎድሏት ይሆን? ወይስ እግዚአብሔር ረስቷታል?» ስትል ጠየቀች። በዚያ ዕለት የሰጠኋት መልስ ለራሴም አላረካኝም። ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄዋ ወደ አንድ ጥንታዊ ስፍራ መለሰኝ። ስፍራው ብዙ ሕሙማን ተኝተውባት ሳለ የአንዱ ብቻ ፈውስ የተጻፈላት የቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ናት።

ስፍራዋና ታሪኳ

ወንጌላዊው ቅዱስ ዮሐንስ መጠመቂያይቱ በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ እንደ ነበረችና አምስት መመላለሻ እንደ ነበራት ጽፏል (ዮሐ. 5፥2)። የበጎች በር ከምርኮ በኋላ ቅጥሩ ሲታደስ ሊቀ ካህናቱ ኤልያሴብ ከወንድሞቹ ካህናት ጋር የሠራው በር ነው (ነህ. 3፥1)። ይህች ቤተ ሳይዳ በገሊላ ካለችው ከነጴጥሮስ ከተማ የተለየች ናት፤ በብዙ የግሪክ ቅጂዎች የተጻፈላት ስም «የምሕረት ቤት» ተብሎ ይተረጐማል።

አምስት መመላለሻ ያላት መጠመቂያ መኖሯን የተጠራጠሩ ተመራማሪዎች ነበሩ። ቁጥሩን ወንጌላዊው ለምሳሌነት ብቻ የፈጠረው አድርገው ያዩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1856 የኦቶማን ሱልጣን በስፍራው አጠገብ የሚገኘውን የቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ለፈረንሳይ ሰጠ። ከዚያ በኋላ በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተደረጉ ቁፋሮዎች ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ታላላቅ የውኃ ገንዳዎች ተገኙ። ጥልቀታቸው 13 ሜትር ያህል ሲሆን በመካከላቸው ወፍራም ግንብ አለ። አራቱ መመላለሻዎች በዙሪያው፣ አምስተኛው በመካከለኛው ግንብ ላይ እንደ ነበሩ ከዚህ መረዳት ተችሏል። የሚደንቀው ግን በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢየሩሳሌም ሊቀ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ቄርሎስ ስለ መጻጕዕ ባስተማረው ትምህርት ይህንኑ አስቀድሞ መናገሩ ነው፤ አራቱ በዙሪያ፣ አምስተኛው በመካከል እንደ ነበሩ ገልጿል።

እምነታችን በድንጋይ ፍርስራሽ ላይ የቆመ አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ምሥጢራዊው ትርጓሜ የተመሠረተው በእውነት በተፈጸመ ነገር ላይ ነው። መጻጕዕ በዚያ በእውነት ተኝቶ ነበር፤ በእውነትም ተነሥቶ ሄዷል።

ተአምር ማለት ምን ማለት ነው?

«ተአምር» የግእዝ ቃል ነው። «አመረ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን ግሱ ማሳየትን፣ ማመልከትን ይገልጻል። እንግዲህ ተአምር በመጀመሪያ ትርጕሙ ምልክት ማለት ነው። ቅዱስ ዮሐንስም በግሪክኛው «ሴሜዮን» የሚለውን፣ ምልክት የሚል ፍቺ ያለውን ቃል ይጠቀማል። ወንጌሉንም ሲፈጽም ምልክቶቹ የተጻፉበትን ዓላማ ይነግረናል፤ ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑን አምነን በስሙ ሕይወት እንድናገኝ ነው (ዮሐ. 20፥30-31)።

ምልክት ራሱ መድረሻ አይደለም። ወደ ገዳም የሚወስደውን መንገድ የሚያሳይ ጽሑፍ ያገኘ መንገደኛ ደስ ይለዋል፤ ጽሑፉ ሥር ተቀምጦ ቢቀር ግን ገዳሙን ሳያይ ይመሽበታል። ተአምርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የመጻጕዕ ፈውስ ወዴት እንደሚያመለክት እንመልከት።

ምልክቱ ወዴት ያመለክታል?

አንደኛ፦ መጻጕዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት በደዌ ተይዞ ኖሯል። ይህ ቁጥር በኦሪትም አለ። እስራኤል ከቃዴስ በርኔ ተነሥተው የዘሬድን ወንዝ እስኪሻገሩ ድረስ በምድረ በዳ የተንከራተቱት ሠላሳ ስምንት ዓመት ነበር (ዘዳ. 2፥14)። ቅዱስ አውግስጢኖስም አምስቱን መመላለሻ በአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት መስሎ ተርጕሟል፤ ሕጉ ሕመምተኛውን ያሳያል፣ ፈዋሹ ግን ክርስቶስ ነው።

ሁለተኛ፦ ጌታችን ሊድን ይወድድ እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ መጻጕዕ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ተናገረ። ሰው የለኝም ያለው ስለ እርሱ ሰው በሆነው አምላክ ፊት ነው። ጌታችን ወደ ውኃው አላወረደውም፤ ዓለምን በፈጠረበት ቃሉ አዘዘው እንጂ።

ሦስተኛ፦ ዕለቱ ሰንበት ነበር። በዚህ ምክንያት የተነሣው ክርክር ጌታችን ከአባቱ ጋር የተካከለ መሆኑን ወደሚገልጸው ትምህርት አደረሰ (ዮሐ. 5፥17-18)። የተአምሩ ፍጻሜ የእግሮች መጽናት ብቻ ሳይሆን የወልድ መገለጥ ነው።

አራተኛ፦ ጠርጡለስና ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በዚያች መጠመቂያ የጥምቀትን ምሳሌ አይተዋል። በዚያ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ቀድሞ የገባ አንድ ሰው ብቻ ከሥጋ ደዌ ይድን ነበር፤ በጥምቀት ግን የሚመጡ ሁሉ ከኀጢአት ይነጻሉ። በሶርያ ዱራ ዩሮጶስ በምትባል ጥንታዊት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ256 በፊት በተሠራ የክርስቲያኖች ጸሎት ቤት፣ በማጥመቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ አልጋውን ተሸክሞ የሚሄድ ሽባ ተሥሎ ተገኝቷል። ሥዕሉ የቅፍርናሆሙን ወይም የቤተ ሳይዳውን ሽባ ሊያሳይ ይችላል። የትኛውም ቢሆን፣ እነዚያ ምእመናን ፈውሱን ከጥምቀት አጠገብ ማኖራቸው የተአምሩን ትርጕም እንዴት እንደ ተረዱት ያሳያል።

ከፈውስ በኋላ

በዚያው በቤተ ሳይዳ ስፍራ ከዕብነ በረድ የተቀረጸ እግር ተገኝቷል። ከኢየሩሳሌም ጥፋት በኋላ በሮማውያን ዘመን ፈውስ ይሰጣል ለሚሉት ጣዖት የቀረበ ስእለት ነው። መጻጕዕ በእግሩ ቆሞ በሄደበት ስፍራ ሌሎች ለማያውቅ ጣዖት የድንጋይ እግር አቀረቡ። ፈውስን ፈልጎ ፈዋሹን አለማወቅ እንዲህ ነው።

ይህ ግን የአሕዛብ ብቻ ችግር አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን በትርጓሜ እንደሚያስተምሩት በዕለተ ዐርብ ጌታችንን በጥፊ የመታው ይኸው የተፈወሰው መጻጕዕ ነው (ዮሐ. 18፥22)። ጌታችን በመቅደስ አግኝቶት ዳግመኛ እንዳይበድል፣ የባሰ እንዳይደርስበት አስጠንቅቆት ነበር (ዮሐ. 5፥14)። እጁ ዳነ፤ ልቡ ግን አልዳነም። በአንጻሩ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 የተጻፈው ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ዓይኑ በበራለት ጊዜ መሰከረ፣ ከምኵራብ ተባረረ፣ በመጨረሻም ለጌታ ሰገደ። ሁለቱም ተአምር ተደርጎላቸዋል፤ ምልክቱ ወዳመለከተው የደረሰው ግን አንዱ ነው።

ወደ እኅታችን ጥያቄ

እንግዲህ የእናቷ አለመፈወስ የእምነት ማነስ ምልክት ነውን? መጻጕዕ የተፈወሰው ማን እንደ ፈወሰው እንኳ ሳያውቅ ነበር (ዮሐ. 5፥13)። ሕመማቸውስ የኀጢአት ዋጋ ነውን? ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ይህንኑ በጠየቁ ጊዜ ጌታችን እርሱም ወላጆቹም እንዳልበደሉ መልሶላቸዋል (ዮሐ. 9፥3)። ቅዱስ ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው አልተወገደለትም፤ ጸጋ ግን ተሰጠው (2ኛ ቆሮ. 12፥7-9)። ከሞት የተነሣው አልዓዛር እንኳ ኋላ እንደ ሰው ሁሉ ዐርፏል። የሥጋ ፈውስ ሁሉ የሚያመለክተው ደዌና ሞት ወደማይገኝበት ወደ ትንሣኤ ሕይወት ነው። ያ ተስፋ ለተፈወሱትም ገና በአልጋ ላይ ላሉትም አንድ ነው። እግዚአብሔር ለምን አንዱን ዛሬ እንደሚፈውስ፣ ሌላውን ለምን እንደሚያቈይ የማወቅ ሥልጣን የለንም፤ የተኛውን እንዳልረሳው ግን እናውቃለን።

ቤተ ክርስቲያናችን የዐቢይ ጾምን አራተኛ ሳምንት «መጻጕዕ» ብላ ሰይማ በየዓመቱ ይህን ታሪክ ታስታውሰናለች። በዚያ ሰንበት ስለ ፈውሱ ስንዘምር ሰው የለኝም ያለበትን ድምፅም እንስማ። ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች መካከል በየሳምንቱ ተራ ገብተው እኒያን እናት ወደ ጠበል የሚያደርሱ፣ ሲደክማቸው ደግፈው የሚመልሱ ሊኖሩ ይገባል። እኔም ለእኅታችን በዚያ ዕለት ልሰጣት ይገባኝ የነበረው መልስ ይህ ይመስለኛል፤ «እናትሽን በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረን እንውሰዳቸው።»

የቅዱሳን አምላክ የታመሙትን ይፈውስልን፤ ለእኛም ምልክቱን አይተን ወደ እርሱ የምንደርስበትን ልቡና ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።