የመንገደኛዋ ወፍ ዓይንና የመንዝ ደጋ

ከወዳጆቻችን አንዱ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ቆይቶ ድንገት ብቅ ሲል፣ «ምነው እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምትታየው?» ብለን መውቀሳችን የቆየ ልማድ ነው። ይህ አነጋገር ለወዳጃችን የሚገባው ቢሆንም ወፉን ግን ያለ ጥፋቱ የሚያማ ነው። በመስከረም ወር በእርሻው ዳርና በሣሩ ላይ ጥቁርና ቢጫ ወይም ጥቁርና ቀይ ለብሶ የምናየው የመስቀል ወፍ ከሩቅ አገር አልመጣም፤ ዓመቱን ሙሉ ከእኛው ጋር ነበር። ወንዱ የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ ድንቢጥ የሚያስመስለውን ቡናማ ላባ ጥሎ የክት ልብሱን ስለሚለብስ ነው እንግዳ መስሎ የሚታየን።

እውነተኛው እንግዳ ሌላ ነው። በዚያው ወራት በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ፣ በድንጋይ ካብና በተጋጠ ሣር ላይ፣ ስትበር ከጅራትዋ በላይ ነጭ የሚታይባት አንዲት ትንሽ ወፍ ትገኛለች። እንግሊዞች ዊትኢር ይሏታል። ክብደትዋ ከ25 ግራም እምብዛም አያልፍም፤ መንገድዋን የምትሄደውም አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ነው። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2012 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከዚሁ ወገን የሆኑና በአላስካ የተፈለፈሉ ወፎች ክረምቱን በምሥራቅ አፍሪካ ለማሳለፍ 14,500 ኪሎ ሜትር ያህል በርረዋል። ካርታ የሌላት፣ መሪም ያልተሰጣት ይህች ፍጥረት በጨለማ መንገድዋን የምታገኘው በምንድን ነው? የዛሬው ንግግራችን የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

(ከዚህ በታች የውጭ አገር ነገር ሲነሣ ዓመቱ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።)

በጥንት ዘመን የኤውሮፓ ሰዎች በክረምት የሚጠፉባቸው ወፎች ከጭቃ ውስጥ ተቀብረው የሚተኙ ይመስላቸው ነበር። በ1822 ግን በሰሜን ጀርመን በክሉትስ አጠገብ አንድ ሽመላ ተገደለ፤ አንገቱንም ከአፍሪካ የመጣ የእንጨት ጦር ወግቶት ሳለ ከነጦሩ በርሮ አገሩ መግባቱ ታየ። ይህ ሽመላ ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ይገኛል። በእኛም በኩል የጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ልዑካን በ1876 ወደ ሸዋ በመጡ ጊዜ፣ አለቃቸው ኦራዚዮ አንቲኖሪ ከንጉሥ ምኒልክ በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያን ተቀብሎ፣ በ1882 እዚያው እስኪሞት ድረስ ከሌሎቹ የምርምር ሥራዎች ጋር የሸዋን ወፎች ሲሰበስብ ኖረ። ከዚያም በ1899 ዴንማርካዊው መምህር ሞርተንሰን ቁጥርና አድራሻ የተጻፈበትን የአሉሚኒየም ቀለበት በወፍ እግር ላይ ማሰር ጀመረ። በዚህ አኳኋን ወፎች ከየት ተነሥተው ወዴት እንደሚሄዱ እየታወቀ ሄደ፤ በምን እንደሚመሩ ግን ገና አልታወቀም ነበር።

ለዚህ መልስ የተገኘው ከአንዲት ደረተ ቀይ ትንሽ ወፍ ነው። ሮቢን የተባለችው ይህች ወፍ ወደ አገራችን አትመጣም፤ ዳሩ ግን እንደ እንግዶቻችን የሌሊት ተጓዥ ናት። ቮልፍጋንግና ሮስቪታ ቪልችኮ የተባሉት ባልና ሚስት ሊቃውንት በፍራንክፈርት ከተማ ፀሐይም ኮከብም በማይታይበት ክፍል አስቀምጠው ሲመረምሯት፣ የመሄጃዋ ወራት ሲደርስ ወደ መንገድዋ አቅጣጫ ስትዘል አገኟት። በዙሪያዋ ያለውን የማግኔት ኃይል በመሣሪያ ሲለውጡባት እርስዋም አቅጣጫዋን ለወጠች። በ1972 ባወጡት ጽሑፍ ደግሞ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ገለጹ። የወፊቱ ኮምፓስ መርከበኛ እንደሚይዘው ሰሜንንና ደቡብን ለይቶ የሚያመለክት ሳይሆን፣ የመሬት የማግኔት መስመር ምን ያህል ዘንበል እንዳለ የሚለካ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት በተደረገው ምርመራም ወፎች በሰማያዊና በአረንጓዴ ብርሃን አቅጣጫቸውን ሲያውቁ፣ በቀይ ብርሃን ግን ግራ እንደሚጋቡ ተረጋገጠ። እንግዲህ ኮምፓሱ ያለ ብርሃን የማይሠራ ከሆነ መቀመጫው ከዓይን በቀር ወዴት ይሆናል?

ይህን ጀርመናዊው ክላውስ ሹልተን አስቀድሞ ጠርጥሮት ነበር። ብርሃን በአንዳንድ ሞለኪውሎች ላይ ሲያርፍ አንድ ኤሌክትሮን ከስፍራው ዘልሎ ይሄዳል፤ በዚያች ቅጽበት የተለያዩት ሁለቱ ኤሌክትሮኖች እጅግ ደካማ የሆነው የመሬት ማግኔት እንኳ ይሰማቸዋል፤ የሚከተለውም የኬሚካል ለውጥ እንደ ማግኔቱ አቅጣጫ ይለያያል ብሎ አሰበ። ጽሑፉን የላከለት የታወቀ መጽሔት ሳይቀበለው መለሰው፤ በ1978 በሌላ መጽሔት ታተመ። ያን ጊዜ የጐደለው እንዲህ ያለው ነገር የሚፈጸምበት ሞለኪውል ነበር። በ1993 ክሪፕቶክሮም የተባለ፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰማው ፕሮቲን በአንድ ተክል ውስጥ ተገኘ። በ2000 ሹልተንና ባልደረቦቹ የሚፈለገው ሞለኪውል ይኸው ነው ብለው ሐሳብ አቀረቡ። በ2021 የኦክስፎርድና የኦልደንቡርግ ዩኒቨርሲቲዎች ሊቃውንት ከሮቢን ዓይን የሚገኘውን አራተኛውን ክሪፕቶክሮም በላቦራቶሪ አዘጋጅተው ሲፈትኑት ማግኔት የሚሰማው ሆኖ አገኙት፤ ከዶሮና ከርግብ ፕሮቲንም ይበልጥ ስሜቱ የነቃ ነበር። በሕያው ወፍ ዓይን ውስጥ የሚፈጽመው ሥራ እስከ ዛሬ በምርመራ ላይ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የማግኔት መስመር በፍራንክፈርት 66 ዲግሪ ያህል ወደ መሬት ያዘነብላል። ወደ ደቡብ በተጓዝን ቁጥር ግን እየተቃና ሄዶ፣ የማግኔት ምድር ወገብ በሚባለው ስፍራ ፈጽሞ አግድም ይጋደማል። ይህ መስመር የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው። በ1957 እና በ1958 በተደረገው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምርመራ ጣቢያ ባቋቋሙ ጊዜ፣ ከተማችን ከተመረጠችባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። ስለዚህ ዘንበል ማለትን የሚለካው የወፍ ኮምፓስ ከሰሜን መርቶ አምጥቶ በመንዝና በመርሐ ቤቴ ደጋ ሲያደርሳት የሚነግራት ነገር ሊያልቅበት ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ወደ ደቡብ የሚያልፉት ወፎችስ? ቪልችኮዎች በ1992 እንዳመለከቱት፣ ሌላ የትናንሽ ወፎች ወገን አግድም በሆነ የማግኔት ኃይል ውስጥ ጥቂት ቀን ከቆየ በኋላ የኮምፓሱን ትርጉም ይገለብጣል። በዚህም መንገዱን ወደ ፊት ይቀጥላል።

አንባብያን ሆይ፤ ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለማስደነቅ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለው ረቂቅ መሣሪያ በቀላሉ ይሰናከላል። የኦልደንቡርግ ሊቃውንት በ2014 እንደ ገለጹት፣ በከተማው ውስጥ የነበሩ ሮቢኖች ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎችና ከመካከለኛው የራዲዮ ሞገድ ክልል በሚመጣ ደካማ ሁከት ኮምፓሳቸው ጠፍቶባቸው ነበር፤ ጎጆዎቹ በአሉሚኒየም በተሸፈኑ ጊዜ ግን ተመለሰላቸው። ኑሮዬ በራዲዮ የሆነ እኔ ይህን ስናገር ራሴንም ሳልወቅስ አላልፍም።

ደግሞም ኮምፓስ መንገድን ያሳያል እንጂ ማረፊያን አያዘጋጅም። በመንዝ የጓሳ ሜዳ ከ17ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘሮች ቄሮ በተባለው ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እየዘጉ፣ በጊዜው እየከፈቱ ጠብቀውታል። ሥርዓቱ በየካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት አዋጅ ቢቀርም፣ ነዋሪው ሕዝብ እንደገና ተሰባስቦ ጥበቃውን ስለ ቀጠለ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም አሉ፤ ከሰሜን የሚመጣውም መንገደኛ የሚያርፍበት ሣር አላጣም። ያ ሣር የተረፈው ገበሬው የዛሬን ትርፍ ለነገ ሲል ስለ ተወው ነው።

የመንዝ ሰው ሲመሽ ከደጁ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለውን መንገደኛ ማን ነህ ሳይል ያሳድራል። ይህችም ወፍ የመሸባት እንግዳ ናት፤ ነገር ግን ደጅ አትጠናም፣ ማመልከቻም አትጽፍም። እንግዲህ ስለ አንድ ደጋ፣ ስለ አንድ ሣር ወይም ስለ አንድ ረግረግ የተጻፈ ደብዳቤ ለፊርማ ከጠረጴዛችሁ ላይ ሲያርፍ፣ እስክሪብቶአችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ይህችን 25 ግራም እንግዳ አስቡልኝ።