የዜርክሰስ ሠራዊት ስንት ነበረ?

የጥንት ግሪኮችንና ሮማውያንን የጦርነት ታሪክ የሚመረምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቸግረው የቍጥር ነገር ነው። የፋርስ ንጉሥ ዜርክሰስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ዓመት በግሪክ ላይ ሲዘምት ስንት ሰው አስከትሎ ነበር? ይህን የጻፈልን ሄሮዶቱስ በዘመቻው ጊዜ ገና ሕፃን እንደ ነበረ ስለሚገመት፥ የጻፈው ከሌሎች የሰማውን ነው።

እርሱ እንደሚለው ሠራዊቱ የተቈጠረው በትራቄ ምድር ዶሪስኮስ በተባለ ስፍራ ነው። 10,000 ሰዎች እጅግ ተጠጋግተው እንዲቆሙ ተደረገና በዙሪያቸው መስመር ተሠመረ፤ እነርሱ ሲወጡ በመስመሩ ላይ እስከ እንብርት የሚደርስ አጥር ታጠረ፤ ከዚያም የቀረው ሠራዊት በተራ እየገባ ጠቅላላው 170 ጊዜ ሆነ። እግረኛው ብቻ 1,700,000 ነበረ ማለት ነው። ፈረሰኛውን፥ መርከበኛውን፥ በመንገድ የተጨመረውንና የጓዙን ሰው ሲደምር 5,283,220 ያደርሰዋል። ከዘማቾቹም መካከል የነብርና የአንበሳ ቆዳ የለበሱ፥ ረጃጅም ቀስት የያዙ ኢትዮጵያውያን እንደ ነበሩ ይዘረዝራል፤ ይህ ስም ግን በግሪኮች አፍ ከግብፅ በስተ ደቡብ ለሚኖሩት ጥቍር ሕዝቦች በጠቅላላው የሚሰጥ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባናል።

የሚያስገርመው ሄሮዶቱስ ራሱ ወደ ጥርጣሬ መቅረቡ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ ሊትር ያህል ስንዴ ቢታደል ምን ያህል እንደሚፈጅ አስልቶ፥ ከወንዞቹ መድረቅ ይልቅ የስንቁ መብቃት እንደሚያስደንቀው ጽፏል። ስሌቱን ደግመን ብንሠራው ጥቂት ስሕተት እናገኝበታለን፤ ቢሆንም ጥያቄውን በማንሣቱ ልናመሰግነው ይገባል።

ነገሩን ወደ ፍጻሜው ያደረሰው ጀርመናዊው የታሪክ ሊቅ ሃንስ ዴልብሩክ ነው። በፈረንሳይና በፕሩስያ ጦርነት የዘመተ ሰው ስለ ነበረ የሠራዊት ጕዞ ምን እንደሚመስል በዓይኑ አይቷል። የጦርነት ጥበብ ታሪክ የተባለውን መጽሐፉን የመጀመሪያ ክፍል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1900 ባሳተመ ጊዜ፥ በጀርመን ጦር የጕዞ ሥርዓት 30,000 ወታደር ያለ ጓዝ 22 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እንደሚይዝ አመለከተ። በዚህ ልክ ቢሰላ የዜርክሰስ ሰልፍ ከ3,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ግንባር ቀደሙ ከቴርሞፒሌ ሲደርስ የኋለኛው ከጤግሮስ ወንዝ ማዶ፥ ከሱሳ ገና መነሣቱ ይሆናል።

ዳሩ ግን ዴልብሩክ ከዚህ አልፎ ፋርሶች በቍጥር ከግሪኮች አይበልጡም ነበር እስከ ማለት ደረሰ። ብዙ ሊቃውንት በዚህ አልተከተሉትም፤ እኛም አንከተለውም። መንገዱ የማይችለውን ቍጥር መጣል አንድ ነገር ነው፤ በምትኩ የራስን ቍጥር ማቆም ግን ሌላ ማስረጃ ይጠይቃል። እንግሊዛዊው ጄኔራል ፍሬዴሪክ ሞሪስ በ1930 ባሳተመው ጥናት የወንዞቹን ውኃ መርምሮ፥ ሠራዊቱ የጓዙ ሰው ጭምር ተቈጥሮ 210,000 ያህል ቢሆን ነው አለ። ቍጥሩ ሲያንስ የግሪኮች ጀግንነት አብሮ የሚያንስ የሚመስላቸው አሉ። በቴርሞፒሌ ጠባብ በር የቆሙት 7,000 ያህል እንደ ነበሩ ስለሚገመት፥ ይህ ስጋት ለእኛ ከንቱ ነው።

በሮማም ታሪክ ነገሩ እንዲሁ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216 ዓመት ሐኒባል በካኔ ባሸነፈ ጊዜ ፖሊቢዮስ የሮማውያንን ሙታን 70,000 ሲያደርስ፥ ሊቪዮስ 48,000 ያህል ይላቸዋል፤ በአንድ ቀን ውሎ የ22,000 ነፍስ ልዩነት ነው።

በ1939 ግሪካዊው የጥንት ቅርስ መርማሪ ስፒሪዶን ማሪናቶስ በቴርሞፒሌ ቆፈረ። ሄሮዶቱስ የመጨረሻዎቹ ግሪኮች ወጥተው በፍላጻ አለቁበት ያለው ነው ተብሎ በታመነው ጉብታ ላይ፥ የፋርስ ሠራዊት ይይዘው የነበረ ዓይነት የፍላጻ ጫፍ በብዛት ከመሬት ወጣ።