የክላሪሳን ነፍስ የለመነች አንባቢ

የፍቅር ታሪክ አንብቦ የጨረሰ ሰው ዝም ብሎ ሊቀመጥ አይችልም። ከልቅሶ ወይም ከሠርግ እንደ ተመለሰ ሰው ያየውን ሁሉ ለሌላ ካላወራው አይወጣለትም። በየመሥሪያ ቤታችን በሻይ ሰዓት የሚሰማው ክርክር ለዚህ ምስክር ነው። አንዱ «ልጅቱ ደግ አደረገች» ይላል፤ ሁለተኛው «ደራሲው አንጀት የለውም» ይላል፤ ሦስተኛው መጽሐፉን ገና ከእኩሌታው ያላለፈ ነውና መጨረሻውን እንዳይሰማ ስኒውን ይዞ ይሸሻል።

ይህ ጨዋታ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን አንባብያን ስለ አንድ የፍቅር መጽሐፍ አሳብ ለአሳብ ሲለዋወጡ፥ አንዲት ሴት የበደላትን ወንድ ማግባት ይገባታል ወይስ አይገባትም የሚለው ብርቱ ጥያቄ የተመረመረበት ጊዜ ነበር። ዛሬ የማወራችሁ ይህንኑ ነው። አገሩ እንግሊዝ፥ ከተማው ሎንዶን ነው፤ ዘመኑንም አገራችንን ካልጠቀስሁ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር እነግራችኋለሁ።

ደራሲው ሳሙኤል ሪቻርድሰን ይባላል። በ1689 ዓ.ም. በደርቢሺር ከአንድ አናጢ ተወለደ። ትምህርቱ ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን ገና የ13 ዓመት ያህል ልጅ ሳለ የሰፈሩ ቆነጃጅት በምሥጢር እየጠሩ ለወዳጆቻቸው ደብዳቤ መልስ ያጽፉት ነበር። አንዲቱ ሌላይቱ እንደምታጽፈው አታውቅም፤ እሱም የሁሉንም ምሥጢር ይዞ ዝም ይላል። ይህን ሳነብ በየፍርድ ቤቱና በየፖስታ ቤቱ ደጅ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው የሰውን ጉዳይ የሚጽፉት ጸሐፊዎቻችን ትዝ አሉኝ። ከነሱ ይልቅ የሰውን ልብ የሚያውቅ ማን አለ?

ሪቻርድሰን በ17 ዓመቱ ከአንድ አታሚ ዘንድ ገብቶ ሙያውን ተማረ፤ ኋላም በፍሊት መንገድ አጠገብ የራሱን ማተሚያ ቤት አቋቋመ። ዕድሜው ኀምሳ እስኪያልፍ ድረስ ደራሲ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሁለት መጽሐፍ ነጋዴዎች ላልተማሩ ሰዎች አርኣያ የሚሆን የደብዳቤ መጽሐፍ እንዲጽፍላቸው ቢጠይቁት፥ አንዲት የቤት ሠራተኛ ጌታዋ ሊያሳስታት ሲሞክር ለወላጆቿ የምትጽፈውን ደብዳቤ እጽፋለሁ ብሎ ጀመረና ብዕሩ አልቆም አለው። በ1740 ዓ.ም. ኅዳር ወር «ፓሜላ» የተባለው መጽሐፍ ታተመ። ሠራተኛይቱ ክብሯን ጠብቃ ጌታዋ በመጨረሻ በሕግ ያገባታል። መጽሐፉ ዓመት ሳይሞላው አምስት ጊዜ ታተመ። ካህን በዐውደ ምሕረት አመሰገነው፤ ነጋዴ የታሪኩ ሥዕል ያለበትን የወይዛዝርት ማራገቢያ ሸጠበት። «ልጅቱ ጨዋ ሳትሆን ብልጥ ናት፤ ጌታዋን በዘዴ አጠመደችው» የሚሉም ተነሡ፤ ሄንሪ ፊልዲንግ በ1741 ዓ.ም. የጻፈው ፌዝ ይህንኑ የሚል ነበር። በዚህ ዓይነት አንባቢው በሁለት ጐራ ተከፈለ። በፓሜላ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ዋናው ነገር ወደ ፊት ነው።

ሁለተኛው መጽሐፍ «ክላሪሳ» ይባላል። ሰባት ቅጽ ነው፤ ርዝመቱም የሚያስፈራ ነው። ክላሪሳ ሃርሎ ወላጆቿ ለገንዘብ ሲሉ ለማትወደው ሰው ሊድሯት ይጨክኑባታል። ላቭሌስ የተባለ መልከ መልካም፥ አንደበተ ርቱዕ፥ ነገር ግን ሴት በማታለል የታወቀ መኳንንት «ላድንሽ» ብሎ ከቤቷ ያወጣታል። ካወጣትም በኋላ በማይረባ ቤት አስቀምጦ ይጠብቃታል፤ እሺ አልል ብትለው መድኃኒት አጠጥቶ ራሷን ስታ ሳለ ክብረ ንጽሕናዋን ይደፍራል። ከዚያ ወዲያ ላግባሽ ይላል። እሷ ግን እንቢ አለች፤ ከኀዘኗም ብዛት ታማ ሞተች። ላቭሌስም ዘመዷ በሰይፍ ወግቶት ሞተ።

ልብ በሉ፤ ይህ መጽሐፍ በአንድ ቀን አልወጣም። ሁለቱ ቅጽ በ1747 ዓ.ም. ታኅሣሥ፥ ሁለቱ በ1748 ዓ.ም. ሚያዝያ፥ የቀሩት ሦስቱ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወጡ። በመካከሉ ለስምንት ወር ያህል የክላሪሳ ዕጣ ሳይታወቅ መጽሐፉ ተዘጋ። በዚያ ጊዜ ሁሉ በየቤቱ በእራት ላይ፥ በየደብዳቤው ውስጥ፥ ልጅቱ ምን ትሆናለች የሚል ጥያቄ ነበር። ሪቻርድሰን ምሥጢር መጠበቅ የማይችል ሰው ነበርና የታሪኩን መጨረሻ አስቀድሞ ለወዳጆቹ ተናግሮት ነበር። የንጉሡ ባለቅኔ የነበረው ሽማግሌው ተዋናይ ኮሊ ሲበር ገና በ1745 ዓ.ም. የልጅቱን ዕጣ ሲሰማ እየማለና እየተቈጣ ጮኸ ይባላል።

በ1748 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከአንዲት የማትታወቅ ሴት ለሪቻርድሰን ደብዳቤ ደረሰው። ፊርማዋ «ቤልፎር» ይላል፤ ስሙ ግን የፈጠራ ነው። ክላሪሳ ትሞታለች የሚል ወሬ ሰምቻለሁ፥ እባክህን አትግደላት፥ ላቭሌስ ንስሐ ይግባና ያግባት፥ እሺ ካልኸኝም በጋዜጣ ላይ መልስህን አሳውቀኝ ብላ ለመነችው። እንቢ ብትል ደግሞ እረግምሃለሁ አለችው። ጸሐፊዪቱ በላንካሺር በሄይ የምትኖር የባለርስት ሚስት፥ ሌዲ ዶሮቲ ብራድሾ ነበረች። ልጅ አልወለደችም፤ መጽሐፍ ግን ወዳድ ነበረች። ለደራሲ ደብዳቤ መጻፏ እንዳይታወቅባትም ትፈራ ነበር። ኋላ የሪቻርድሰንን ሥዕል አስመጥታ በቤቷ በሰቀለች ጊዜ፥ እንግዳ እንዳይጠይቃት ስሙን «ዲከንሰን» ብላ ለውጣለች። የፍቅር መጽሐፍ ማንበብ ለትልቅ ሰው ነውር ነው እያሉ ልብ ወለዳቸውን በመሥሪያ ቤት መሳቢያ የሚደብቁ ሁሉ ይህችን ወይዘሮ ሊያውቋት ይገባል።

ሪቻርድሰን በትዕግሥት መለሰላት። መልካም ሰው በዚህ ዓለም ሁልጊዜ ዋጋውን ያገኛል ብዬ ልዋሽ አልችልም፤ የክላሪሳ ዋጋ በሰማይ ነው አላት። እሷም ጻፈች፤ እሱም ጻፈ። በሙግቱ መካከል ደግሞ አንድ ነገር አፍራ ገለጸችለት፤ ላቭሌስን ከመውደድ ልቧን መከልከል እንዳልቻለች። የመጨረሻዎቹን ቅጾች ስታነብ አልቅሳ አልቅሳ ባሏ ማንበቡን እንድትተው ለመናት። ግን አልተወችም።

ይህን ዓይነቱን ኀዘን እኛም እናውቀዋለን። በ1958 ዓ.ም. በአገራችን አቆጣጠር ክቡር ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ባሳተሙ ጊዜ፥ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ሞት እንዳይነካቸው ያልተመኘ አንባቢ ማን ነበረ? ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲያነበው መጽሐፍ ገልጦ የማያውቀው ሰው እንኳ የልቅሶው ተካፋይ ሆነ። ነገር ግን የሌዲ ብራድሾ ልመና ከዚህ የተለየ ነው። እኛ የተመኘነው ሁለት የሚዋደዱ እንዲገናኙ ነው። እሷና እንደሷ ያሉት ብዙ አንባብያን የለመኑት ግን ልጅቱ ላታለላት ሰው እንድትዳር ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ራሱ ግፉ ከተፈጸመባት በኋላ የክላሪሳ የልብ ጓደኛዋ አና ሃው፥ የላቭሌስም ዘመዶች «አግቢውና ስምሽ ይዳን» ብለው ይመክሯታል። አማካሪዎቹ ክፉዎች አይደሉም። የሚወዷት ናቸው።

በዚህ ነገር እንግሊዞችን ልንታዘባቸው አንችልም። በአገራችን ልጅ ስትጠለፍ ሽማግሌ ይላካል፥ ካሳ ይቈረጣል፥ «አንዴ ሆኗል፤ ከእንግዲህ ማን ያገባታል? ስሟ ሳይጠፋ ይጋቡ» ይባላል። ሽማግሌዎቹም ዕርቅ አወረድን ብለው መርቀው ይነሣሉ። በ1949 ዓ.ም. በአገራችን አቆጣጠር የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ያገባ እንደ ሆነ ከክስ ነጻ ያወጣው ነበር። ይህ የተሻረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ ማለት ከ48 ዓመት በኋላ። በመጽሐፍ ውስጥ ያለችው ክላሪሳ ግን ያንን ሽምግልና ገና በ1748 ዓ.ም. አልቀበልም ብላለች። ልጅቱ በዳዩን ብታገባ ኖሮ ግፉ ግፍ መሆኑ ይቀርና የሠርግ መንገድ ሆኖ ይቈጠር ነበር። ሪቻርድሰን ለአንባቢዎቹ እንባ ያልተረታው ስለዚህ ነው፤ እኔም በዚህ ከሱ ጋር ነኝ። በልጅቱ ሞት ላይ ግን ሌዲ ብራድሾን አልነቅፋትም። እንቢ ብላ በሕይወት መኖር አትችልም ነበርን? የሚል ጥያቄ ለኔም ይመላለስብኛል።

ደራሲው የአንባቢን አሳብ ንቆ ነበር ማለት ግን አይደለም። እንዲያውም ሰው ሁሉ ላቭሌስን እየወደደ መሄዱን ባየ ጊዜ ደነገጠ። በዚያን ጊዜ «ተመልሶ የታረመ ዋልጌ ከባል ሁሉ ይበልጣል» የሚል አነጋገር በእንግሊዝ አገር ይሰማ ነበርና፥ መጽሐፉን የጻፈው ለዚህ ማፍረሻ እንዲሆን ነበር፤ ንባቡ ግን ተገለበጠበት። ስለዚህ በ1749 ዓ.ም. ሁለተኛው እትም ሲወጣ የላቭሌስን ተንኰል የሚያጋልጥ የግርጌ ማስታወሻ ጨመረበት። በ1751 ዓ.ም. የወጣው ሦስተኛው እትም ደግሞ ስምንት ቅጽ ሆነ። ማስታወሻውን ያነበበ ሰው አንድ ሽማግሌ በጉባኤ መካከል እየተነሣ «የለም፥ እንዲህ ማለቴ አይደለም» ሲል የሚሰማ ይመስለዋል። የጥበብ ሰዎች ይህን ይነቅፉበታል። እኔ ግን ተነባቢነቱን ከመፍራት ይልቅ በስሕተት መነበቡን የፈራውን ደራሲ እወደዋለሁ።

የነዚህ የሁለቱ ሰዎች መተዋወቅ ራሱ ልብ ወለድ ይመስላል። ሌዲ ብራድሾ ወደ ሎንዶን በመጣች ጊዜ ስሟን ሳትገልጥ በመናፈሻው ውስጥ እንዲመላለስላት ጠየቀችው። እሱም መልኩን በደብዳቤ ጻፈላት፦ አጭር፥ ወፈር ያለ፥ አንድ እጁን በደረቱ ልብስ ውስጥ ያገባ፥ በሌላው ከዘራ የያዘ። ሽማግሌው አታሚ በየቀኑ ሄዶ ከሚያልፉት ወይዛዝርት ማንኛይቱ እንደ ሆነች ሲገምት፥ እሷ አይታው ዝም ብላ ታልፍ ነበር። በ1750 ዓ.ም. መጋቢት ወር ግን ተገናኙና እስኪሞት ድረስ ወዳጆች ሆኑ።

ከወዳጅነቱም አንድ ሌላ መጽሐፍ ተወለደ። ክፉውን ወንድ ይህን ያህል አሳምረህ ከጻፍህ ደጉን ደግሞ ጻፍልን ብለው እሷም ሌሎችም ወተወቱት። በ1751 ዓ.ም. በፉላም በነበረው ቤቱ ረቂቁን ለወዳጆቹ ሲያነብ ሱዛና ሃይሞር የተባለች ወጣት የሳለችው ሥዕል እስከ ዛሬ አለ፤ ደራሲው ወረቀቱን ይዞ ያነባል፥ ወንዶችና ሴቶች ከበውት ያዳምጣሉ። ያ መጽሐፍ በ1753 እና በ1754 ዓ.ም. የወጣው «ሰር ቻርልስ ግራንዲሰን» ነው። ባለታሪኩ አንድም ነውር የለበትም። አንባብያን የጠየቁት ይህ ነበር፤ ዛሬ ግን ስሙን የሚያነሣው ጥቂት ነው፥ ያልተወደደው የክላሪሳ መጨረሻ ግን እስካሁን ያከራክራል። እኔ ራሴ ግራንዲሰንን ጀምሬው ሁለተኛው ቅጽ ላይ ዕንቅልፍ ወሰደኝ፤ ይህም በምሥጢር ይያዝልኝ።

ወሬው ከእንግሊዝ አገርም ተሻገረ። ሪቻርድሰን በሞተ በዓመቱ፥ በ1762 ዓ.ም.፥ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዲዴሮ ባሳተመው ውዳሴ ውስጥ ሰዎች የክላሪሳን ሥራ በሕይወት እንዳለች ጎረቤት አድርገው ሲከራከሩበት ማየቱን ይናገራል። በፍርዳቸውም መለያየት የተነሣ በወዳጆች መካከል የተሰወረ ጥላቻና ንቀት ሲገባ አይቷል። አንባቢው ስለ መጽሐፉ እየተናገረ የራሱን ልብ እንደሚገልጥ የገባው ይመስለኛል።

የሌዲ ብራድሾ እኅት ሌዲ ኤክሊን ደግሞ በልመና አልቆመችም። ብዕሯን አንሥታ ለክላሪሳ የራሷን መጨረሻ ጻፈች፤ በዚያ ድርሰት ላቭሌስ ያን የከፋውን ግፍ ሳይፈጽም ይጸጸታል። ጽሑፉ በወረቀት እንዳለ ቈይቶ በመጽሐፍ መልክ የታተመው በ1982 ዓ.ም. ነው።

ሌዲ ብራድሾ ከሪቻርድሰን በኋላ 24 ዓመት ኖራ በ1785 ዓ.ም. ሞተች። ክላሪሳን ያነበበችበት የራሷ መጽሐፍ ዛሬ በአሜሪካ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በኅዳጉ ላይ ደስ ባላት ቦታ ምስጋና፥ ባልተስማማችበት ቦታ ሙግት ጽፋበታለች። ደራሲው መጽሐፉን ተውሶ አንብቦ ነበርና በአንዳንዱ ገጽ ላይ ከሷ ጽሕፈት አጠገብ የሱ መልስ ይታያል።